ከፓንት ግላስ እስከ ሳልዝበርግ፦ የአንድ ዘፋኝ ድምፅና የአንድ ቋንቋ መሰላል

ሜይ 6 ቀን 2023 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ እንደ ብዙው ሰው እኔም ከቤተሰቤ ጋር በቴሌቪዥን እከታተል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሥነ ሥርዓቱ ረጅም ነው። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ስልኳን እየነካካች አንድ ዐይኗን ብቻ ነበር ለቴሌቪዥኑ የሰጠችው። በመካከሉ አንድ ግዙፍ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው መዘመር ሲጀምር ግን ቀና አለች። "አባዬ፣ ይሄ ምን ቋንቋ ነው?" አለችኝ። የጠየቀችኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔም እንደ ልማዴ በአማርኛ መለስኩላት። "ዌልሽ ነው፤ የዌልስ ሰዎች ቋንቋ። የሚሉትም እኛ በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን 'ኪርያላይሶን' የምንለውን ነው፤ አቤቱ ማረን ማለት ነው" አልኳት። "ኦኬ" ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም። በ1536 የእንግሊዝ ፓርላማ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ባዋሐደበት ሕግ፣ የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆንና በዌልሽ የሚጠቀም ሰው ሹመት እንዳይዝ ደንግጎ ነበር። ከ487 ዓመት በኋላ በዚያው መንግሥት የዘውድ በዓል ላይ፣ በዌስትሚንስተር ውስጥ፣ ያ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘመረ። የዘመሩት ሰር ብሪን ተርቨል ናቸው። የምጽፈው ስለ ወጣትነት ዘመናቸው ስለሆነ ከዚህ በኋላ "እሱ" እያልኩ ብቀጥል እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዘውዱ አይደለም። ስለዚህ ሰው አነሣሥ የሚጻፈው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የገበሬ ልጅ ነበር፤ እግዚአብሔር ጉሮሮ ሰጠው፤ በተራራው ሥር በጎቹ መካከል ሲያንጎራጉር ቆየ፤ አንድ ቀን ዓለም ሰማው። ተረቱ ደስ ይላል። ነገር ግን እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ ካየሁ ከየት ተነሥቶ በምን መስመር እንደመጣ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ስለ ኦፔራ የማውቀው ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት እየሰማሁና እያነበብኩ ያጠራቀምኩትን ብቻ ነውና፣ የሙዚቃ ባለሙያዎች ስሕተት ካገኙብኝ ያርሙኝ።

ስለ ሰውየው መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሰሜን ዌልስ ሰው ነው፤ ዕድሜው ከእኔ በጣም ይበልጣል። ሁለታችንም ለግድብ ምርመራ በወጣንበት አንድ ቀን፣ ሥራችን ወደዚያ የሚያደርሰን ሳይሆን መኪናውን ባላ ከምትባለው ከተማ አሳልፎ ወደ አንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ወሰደኝ። ሊን ከሊን ይባላል። ከዚህ ውሃ ሥር፣ አለኝ፣ ካፔል ከሊን የምትባል መንደር አለች፤ ትምህርት ቤቷ፣ ፖስታ ቤቷ፣ ጸሎት ቤቷ፣ መቃብሯ ሁሉ። የሊቨርፑል ከተማ ውሃ ስለፈለገ በ1957 በለንደን ፓርላማ ሕግ አስወጣ። ከዌልስ ከተመረጡት 36 የፓርላማ አባላት አንድም ድጋፍ የሰጠ አልነበረም፤ ሕጉ ግን አለፈ። ከሸለቆው 67 ነዋሪዎች 48ቱ ቤታቸውን አጡ። በዌልሽ ብቻ ስትኖር የነበረች መንደር ነበረች። ግድቡ የተመረቀው በኦክቶበር 1965 ነው። ሊቨርፑል ይቅርታ የጠየቀው በ2005፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ እኔ በሙያዬ ስለ ግድብ ሳስብ የማስበው ስለ ግፊት፣ ስለ ሥርገትና ስለ ጎርፍ መልቀቂያ ነው። በዚያን ቀን ግን የግድቡን ጫፍ ይዤ ስሄድ ከእግሬ በታች ያለውን ነገር በሌላ ዐይን አየሁት። ስንመለስ ባልደረባዬ በመኪናው ውስጥ አንድ ሲዲ ከፈተ። የሚዘፍነው ሰው ድምፅ ትንሿን መኪና ሞላት። "ይህ ሰው የተወለደው ያ ግድብ በተመረቀ በሦስተኛው ሳምንት ነው" አለኝ። ቤት ገብቼ አመሳከርኩት፤ እውነቱን ነው።

ብሪን ተርቨል ጆንስ ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ፓንት ግላስ በምትባል የሰሜን ምዕራብ ዌልስ መንደር ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር። አፉን የፈታው በዌልሽ ነው፤ እንግሊዝኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መዝፈን ያስተማረው የቤተሰቡ ወዳጅ ሲሆን የጀመረውም በአገሩ ባህላዊ ዘፈኖች ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በብሪታንያ የመድረክ ሰዎች ማኅበር ሁለት አባላት በአንድ ስም እንዲሠሩ አይፈቅድም ነበር። ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ የዌልስ ባሪቶን ቀድሞ ስለነበረ የእኛው ሰው "ጆንስ" የሚለውን ጥሎ በሁለቱ መጠሪያዎቹ ቀረ። ይህ እንደ ተራ የቢሮ ጉዳይ ይታይ ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ የዌልስ ሰዎች በጥንት ዘመን እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። አንድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነበር፤ በመካከሉ "አፕ" ይገባል፣ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። የእንግሊዝ አስተዳደርና መዝገብ ሲመጣ "አፕ ሪስ" የነበረው ፕራይስ፣ "አፕ ሃወል" የነበረው ፓወል ሆኖ ደረቀ። አባቱ ዮሐንስ የነበረ ሁሉ ደግሞ ጆንስ ተባለና አገሩ በጆንሶች ተሞላ። እኛ ዛሬ በየኤርፖርቱና በየባንኩ "የቤተሰብ ስም" ከሚለው ሳጥን ፊት ቆመን የአባታችንን እናስገባ የአያታችንን ስንል የምንጨነቀውን ጭንቀት እነሱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጨርሰውታል። ብሪን "ጆንስ"ን ሲጥል፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ የጣለው ያንን የመዝገብ ስም ነው።

አሁን ወደ መስመሩ ልመለስ። በዌልስ አይስቴድቮድ የሚባል ነገር አለ። ቃሉ ከ"መቀመጥ" የወጣ ነው፤ ጉባኤ እንደማለት። የመጀመሪያው በታሪክ የተመዘገበው በ1176 ሎርድ ሪስ የተባለው መስፍን በካርዲጋን ግንቡ ባለቅኔዎችንና ሙዚቀኞችን ጠርቶ ሲያወዳድር ነው። ለአሸናፊው ወንበር ይሰጠው ነበር። ዛሬም በብሔራዊው አይስቴድቮድ የዓመቱ ታላቅ ባለቅኔ የሚሸለመው ወንበር ነው፤ እውነተኛ፣ በእንጨት ባለሙያ የተሠራ ወንበር። የአሁኑ ዓይነት ብሔራዊ ጉባኤ የተጀመረው በ1861 ሲሆን ከ1950 ጀምሮ በመድረኩ ላይ ከዌልሽ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም የሚል ደንብ ጸንቶ ቆይቷል። የሞዛርት ወይም የሹበርት ሥራ ቢሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ቃሉ ወደ ዌልሽ ተተርጉሞ ነው የሚዘፈነው።

ከዚህ ትልቁ ይልቅ እኔን የገረመኝ የልጆቹ ነው። በ1922 ኢቫን አብ ኦወን ኤድዋርድስ የተባለ ሰው ለዌልሽ ተናጋሪ ልጆች "ኧርድ" የሚባል ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ በ1929 የራሱን የልጆች አይስቴድቮድ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ መጀመሪያ በአካባቢው ይወዳደራል፤ ያሸነፈ ወደ አውራጃ፣ እዚያ ያሸነፈ ወደ ብሔራዊው ይሄዳል። ዘፈን አለ፣ ግጥም በቃል ማቅረብ አለ፣ በገና አለ፣ ኅብረ ዝማሬ አለ። ዳኞቹ ፍርዳቸውን ከነምክንያቱ ያስረዳሉ፤ ቃሉን የት እንደዋጥክ፣ ትንፋሽህን የት እንደጨረስክ ይነግሩሃል። ከዚህ በተጨማሪ በየመንደሩ ትንንሽ አይስቴድቮዶች አሉ። ብሪን ገና በልጅነቱ እነዚህን መድረኮች እየዞረ ሲዘፍንና ሽልማት ሲሰበስብ ነው ያደገው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ለንደን ሲገባ የመድረክ ፍርሃት የሚባለውን ነገር ገና በቁምጣ ዘመኑ ጨርሶት ነበር። ለመሆኑ ከእኛ ልጆች ስንቱ ነው በአሥራ ስምንት ዓመቱ በራሱ ቋንቋ በሰው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ የተፈረደበት?

ከውድድሮቹ አንዱ "ከርዝ ዳንት" ይባላል። ይህን ልዩ ጥበብ ባልደረባዬ ሦስት ጊዜ አስረድቶኝ ነው የገባኝ። በገናው አንድ የታወቀ ዜማ ይጫወታል። ዘፋኙ ትንሽ ቆይቶ ይገባና በዚያ ዜማ ላይ ሌላ ዜማ ይዞ ግጥሙን ያደርሳል። ሁለቱ ዜማዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ መጨረስ ያለባቸው ግን አብረው ነው። የግጥሙ ጠንካራ ቃል ከበገናው ምት ላይ ማረፍ አለበት። እዚህ ጌታው ቃሉ ነው፤ ድምፅህ የፈለገውን ያህል ቢያምር ቃሉ ካልተሰማ ከመድረክ ትወርዳለህ። ብሪን በዚህ ውስጥ አልፏል። በኋላ ለሚሆነው ነገር ቁልፉ ይህ ይመስለኛልና አንባቢ ያዝልኝ።

ሁለተኛው የመስመሩ ክፍል ጸሎት ቤቱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በየማዕድን ሠፈሩና በየገጠሩ የተሠሩት ጸሎት ቤቶች ምእመናኑ በአራት ድምፅ ተከፍሎ የሚዘምርባቸው ቦታዎች ነበሩ። ይህ ሁሉ የማዕድን ሠራተኛና ገበሬ ኖታ ማንበብ ከየት ተማረ ብትሉ፣ መልሱ ጆን ከርዊን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ያስፋፋው የሶልፋ አጻጻፍ ነው። በአምስቱ መስመር ላይ ነጠብጣብ ከመደርደር ይልቅ የዶ፣ ሬ፣ ሚን የመጀመሪያ ፊደላት ይጽፋል። ማንኛውም ተራ ማተሚያ ቤት በፊደል ሊያትመው ይችላል፤ ስለዚህ ርካሽ ነው። ከቃል በላይ በተጻፈ ፊደል ዜማ መምራት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ምልክትም ከግእዙ ቃል በላይ የሚጻፍ ፊደል ነው። በ1872 ካራዶግ የሚባል አንጥረኛ ከአራት መቶ ሰው የሚበልጥ የዌልስ ኅብረ ዝማሬ ይዞ ለንደን ክሪስታል ፓላስ ሄዶ አሸነፈ፤ በዓመቱም ደገመው። አገሩ "የዘፈን ምድር" የሚል ቅጽል ያተረፈው በጉሮሮ ብቻ አልነበረም፤ ርካሽ ወረቀትም ረድቶታል።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ቋንቋው በሚዋረድበት ዘመን ነው። በ1847 ከለንደን የተላኩ መርማሪዎች የዌልስ ሕዝብ ኋላ ቀር የሆነው በቋንቋውና በእምነቱ ነው የሚል ሪፖርት አወጡ። በብዙ ትምህርት ቤቶች በዌልሽ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ሲናገር እስኪያገኝ ይሸከመዋል፤ ቀኑ ሲያልቅ እንጨቱ ያለበት ልጅ ይገረፋል። የባልደረባዬ ቅድመ አያት ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ። እሱ ይህን ሲነግረኝ ምሬት አልነበረበትም። ልጆችን እርስ በርስ እንዲሰላለሉ ማድረግ ምን ያህል የረቀቀ ክፋት እንደሆነ ግን ሁለታችንም ዝም ብለን አሰብን።

በ1984 ብሪን ለንደን ወደሚገኘው ጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያው ዓመት ሌላው የዌልስ ሰው፣ ሰር ገራይንት ኤቫንስ፣ ከኦፔራ መድረክ ተሰናበተ። ኤቫንስ በ1922 ከማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ኪልቨኒድ በምትባል መንደር የተወለደ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የተቀጠረ፣ ከጦርነቱ በኋላ እሱም በዚያው በጊልድሆል የተማረ ባሪቶን ነው። በ1948 በኮቨንት ጋርደን የጀመረው ጥቂት መስመር ብቻ ባላት የሌሊት ዘበኛ ሚና ሲሆን በዓመቱ ፊጋሮን ተሰጠው፤ በ1960 ያንኑ ፊጋሮ ሚላኖ ላስካላ ድረስ ወስዶታል። ቴነሩ ስቱዋርት ባሮውስም የተወለደው ከኤቫንስ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ነው። ከአንድ የማዕድን መንደር አንድ መንገድ ላይ ሁለት የዓለም ዘፋኞች! እግዚአብሔር ጉሮሮ ሲያድል አንዱን መንገድ ለይቶ ሁለት ጊዜ ሰጠ እንዳንል ይከብዳል። በበኩሌ መስመሩ በዚያ ስለሚያልፍ ነው እላለሁ።

ጊልድሆል ውስጥ ብሪን መጀመሪያ ከአርተር ሬክለስ፣ ሬክለስ ሲሞት ደግሞ ከጀርመናዊው ሩዶልፍ ፒርናይ ተማረ። አምስት ዓመት ቆየ። ከእንግሊዝኛ በላይ ጣልያንኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ መዝፈን ነበረበት። ከልጅነቱ ጀምሮ በሁለት ቋንቋ የኖረ ሰው ሦስተኛውንና አራተኛውን እንደ ባዕድ አይፈራም፤ ይህ ከራሴም ኑሮ የማውቀው ነው። በ1988 በታላቋ ዘፋኝ በካትሊን ፌሪየር ስም የሚሰጠውን ሽልማት አሸነፈ። በ1989 ትምህርቱን ሲጨርስ የትምህርት ቤቱን የወርቅ ሜዳልያ ወሰደ።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ ዛሬም ድረስ የሚወራው ውድድር መጣ። የቢቢሲ ዌልስ ክፍል ከ1983 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በካርዲፍ ሲያካሂደው የቆየው የዓለም ዘፋኞች ውድድር ነው። ብሪን የ23 ዓመት ልጅ ሆኖ ዌልስን ወክሎ ቀረበ። በሌላ ወገን የመጣው ከሳይቤሪያዋ ክራስኖያርስክ የተነሣው ዲሚትሪ ህቮሮስቶቭስኪ ነው። የ26 ዓመት ወጣት፣ በከተማው ኦፔራ ቤት በሥራ ላይ የነበረ፣ ባለፈው ዓመት በፈረንሳይ ቱሉዝ ያሸነፈ፣ ትንፋሹ የማያልቅ የሚመስል ባሪቶን። ሶቪየት ኅብረት ገና አልፈረሰችም፤ የበርሊን ግንብ ራሱ ቆሞ ነበር። ጋዜጦቹ "የባሪቶኖች ፍልሚያ" አሉት።

አሸናፊው ሩሲያዊው ሆነ። ቤቱ የብሪን፣ ሕዝቡ የብሪን፣ አዘጋጁ የዌልስ ቴሌቪዥን፤ ሽልማቱ ግን ለእንግዳው። ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። በብዙ አገር፣ የእኛንም ጨምሮ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ በማግስቱ ዳኞቹ ተሽጠዋል የሚል ወሬ ይነሣ ነበር። ቀረጻዎቹን እየመላለስኩ የሰማሁ እንደ አንድ ተራ አድማጭ፣ ፍርዱ ትክክል ነበር እላለሁ። ህቮሮስቶቭስኪ በዚያን ጊዜ ያለቀለት ዘፋኝ ነበር። ብሪን ገና ሲሚንቶው ያልደረቀ ሕንፃ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ውድድር ለመዝሙርና ለግጥም ዘፈን የተለየ ሽልማት ነበረ። ኦርኬስትራ የለም፤ ፒያኖ ብቻ። ልብስና መብራት የለም፤ አንድ ሰው ቆሞ ግጥም ያደርሳል። ያንን ያሸነፈው ብሪን ነው። አንባቢ ያዝልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በሚመዘንበት ሁለተኛ ወጣ፤ ቃል በሚመዘንበት አንደኛ። በሹበርት የጀርመንኛ ግጥም ላይ ያሳየው ነገር፣ በእኔ ግምት፣ በገና እየተመታ በዌልሽ ግጥም ያደረሰበት የልጅነት ጉባኤ ውጤት ነው። ያ እንግሊዝኛ ለመማር መተው አለበት ሲባል የኖረው ቋንቋ የሰጠው ሙያ ነው በጀርመንኛ ያሸለመው።

ሁለተኛ መውጣቱ አልጎዳውም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1990፣ በዌልስ ብሔራዊ ኦፔራ በሞዛርት "ኮዚ ፋን ቱቴ" ጉሊየልሞን ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሙያ መድረክ ላይ ቆመ። ይህ ኦፔራ ቤት በ1946 በካርዲፍ የመጀመሪያ ትርኢቱን ሲያቀርብ የኅብረ ዝማሬ ቡድኑ ከማዕድን ሠራተኛ፣ ከመምህርና ከሱቅ ሠራተኛ የተሰበሰበ ነበር፤ ቀን ይሠራሉ፣ ማታ ቨርዲን ይለማመዳሉ። ደመወዝተኛ ዘማሪዎች ሙሉ በሙሉ የተተኩበት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ብሪን የመጀመሪያ እንጀራውን የበላው እነዚያ ሰዎች በነፃ ባቆሙት ቤት ነው።

በ1991 በለንደኑ የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ፊጋሮን ዘፈነ፤ በዚያው ዓመት ብራሰልስ ላይ በ"አስማተኛው ዋሽንት"፣ አሜሪካ ሳንታ ፌ ላይ ደግሞ በፊጋሮ ታየ። የፊጋሮ ታሪክ ለማያውቅ አንባቢ፦ አሽከሩ ፊጋሮ የጌታውን ተንኮል በብልሃት የሚያከሽፍበት የ1786 የሞዛርት ኦፔራ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ፊጋሮ ጎንበስ ብሎ የሙሽርነት አልጋው ይገባ እንደሆነ ክፍሉን በመለኪያ እየለካ ቁጥር ይጠራል። ሌላው ዘፋኝ ሁሉ በፍቅርና በሞት ሲጀምር ይህ በሴንቲሜትር ይጀምራል! ለእኔ ቢጤ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ የኦፔራ መግቢያ በር የለም፤ ኦፔራ ለመስማት የሚፈሩ ወዳጆቼን ሁሉ ከዚህ አስጀምራቸዋለሁ። ለብሪንም ሚናው የተሰፋለት ልብስ ነበር። አሽከር ሆኖ ከጌታው በላይ የሚያስብ፣ ትልቅ ሰውነቱን እንደ ገበሬ የሚያንቀሳቅስ፣ እያንዳንዷን ቃል የሚያኝክ ፊጋሮ።

1992 ዓመቱ ሆነ። በኮቨንት ጋርደን በ"ዶን ጆቫኒ" ውስጥ ማዜቶን፣ ያንን የተናደደ የገጠር ሙሽራ፣ ይዞ ገባ። በዚያው በጋ በኦስትሪያ ሳልዝበርግ ፌስቲቫል በሪሃርድ ሽትራውስ "ሳሎሜ" ውስጥ መጥምቁ ዮሐንስን ዘፈነ። ታሪኩን ሁላችንም ከወንጌል እናውቀዋለን፤ የሄሮድያዳ ልጅ፣ ጭፈራው፣ በወጭት የቀረበው ራስ። በኦፔራው ዮሐንስ መጀመሪያ አይታይም። ከመሬት በታች ባለ ጉድጓድ ታስሯል፤ ተመልካቹ የሚሰማው ከሥር የሚወጣውን ድምፁን ብቻ ነው። ዘፋኙ ፊቱም፣ ልብሱም፣ እጁም አይረዳውም። ኦርኬስትራውን የሚመሩት ክሪስቶፍ ፎን ዶናኒ፣ ሳሎሜ ካትሪን ማልፊታኖ፣ አዘጋጁ ሉክ ቦንዲ ነበሩ። የ26 ዓመቱ ልጅ ከዚያ ጉድጓድ ተነሥቶ ሲወጣ የአውሮፓ የኦፔራ ዓለም ስሙን ያዘ። ዶይቸ ግራሞፎን የተባለው ታላቁ የጀርመን የሙዚቃ አሳታሚም ውል አስፈረመው። ገራይንት ኤቫንስ ያረፈው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የታወቀ ሰው ታሪክ ነውና። በኦክቶበር 1994 ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በፊጋሮ ሲጀምር ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ጻፈለት። ከዚህ ሁሉ የማደንቅለት ግን ያላደረገውን ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ድምፅ ያለው ወጣት ሲገኝ ኦፔራ ቤቶች ቶሎ የቫግነርን ግዙፍ ሚናዎች ሊያሸክሙት ይጣደፋሉ። ብዙ ድምፅ በዚህ ተሰብሯል። ብሪን ዎታንን፣ የቫግነርን የአማልክት አለቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነው በ2004፣ በ39 ዓመቱ ነው። ኮንክሪት ሳይጠነክር ጭነት አይጫንበትም፤ በእኛ ሙያ ይህን የማያውቅ ፈቃዱን ይነጠቃል።

ነገሩን አሳምሬ ብቻ ማቅረብ ግን አልፈልግም። ባልደረባዬ ራሱ ሳደንቅ ሲሰማኝ "ቀስ በል" ይለኛል። በ1911 ከዌልስ ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋው ዌልሽ ይናገር ነበር። በ1981 ቁጥሩ ወደ 508 ሺህ ወረደ፤ በ2021 ወደ 538 ሺህ ነው። ከውድቀቱ ቆሟል ማለት ይቻል ይሆናል፤ አገግሟል ለማለት ያስቸግራል። ብዙዎቹ ጸሎት ቤቶች ዛሬ ተሽጠው መኖሪያ ቤት ሆነዋል፤ አራት ድምፅ የሚያስተምሩበት እሑድ የለም። ብሪን የጀመረበት የዌልስ ብሔራዊ ኦፔራም በ2022 ከእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት ያገኝ የነበረው ድጎማ ከሲሶ በላይ ተቀንሶበታል። መሰላል እንጨት ነው፤ ካልተጠገነ ይበሰብሳል፤ ሌላውም ችግር በዚያ መሰላል ከወጡት እልፍ ልጆች ሳልዝበርግ የደረሰው አንድ መሆኑ ነው። ይህን ስለው ባልደረባዬ ሳቀብኝ። "ማን ሳልዝበርግ ይድረሱ አለ?" አለኝ። እሱ ራሱ በዘጠኝ ዓመቱ በአካባቢው ውድድር ግጥም አቅርቦ የመጨረሻ ወጥቷል። ግጥሙን ግን እስከ ዛሬ በቃሉ ያውቀዋል፤ ግድቡ ላይ ቆሞ ሙሉውን አሰማኝ። አንድም ቃል አልገባኝም።

እኛ በምንኖርበት ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ በኪራይ አዳራሽ የሚሰጥ የአማርኛ ትምህርት አለ። ለዓመታት "ሀ ሁ" አስቆጥረን፣ ዳቦ አብልተን መላክ ነበር ሥራችን። ባለፈው ዓመት ለወላጆች ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ግጥም በቃል የማቅረብ ውድድር፣ ሦስት ዳኛ፣ ፍርዱ ከነምክንያቱ ለሁሉም የሚነገርበት። ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ ወላጅ ልጄ ቢሸነፍ ይከፋዋል አለ፤ ሌላው ለሁሉም እኩል ሽልማት እንስጥ አለ። በመጨረሻ ተስማማን። በትልልቆቹ ምድብ አምስት ልጆች ቀረቡ። አንደኛው ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ላልቶ የሚነበበውን የት እንዳጠበቀ፣ የቱን ቃል እንደዋጠ በትዕግሥት ነገሩት።

ልጄ ከአምስቱ አራተኛ ወጣች። ጋሼ የተቹባት ቃል እኔ ቤት ውስጥ እንዲያ እያልኩ ያስለመድኳት ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው። መኪና ውስጥ እንደገባን ዳኞቹ አልሰሙኝም፣ ሦስተኛ የወጣው ልጅ አንድ መስመር ዘልሏል፣ እኔ አንድም አልዘለልኩም ብላ እስከ ቤታችን ድረስ ተከራከረችኝ። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሙሉውን በአማርኛ ነበር።